ልብስ ሰፊው የጎነጎነው ሬዲዮ

ጥር 6

ለወንድሜ፣

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አንዳንድ ቀን ያኮርፈኛል፤ መልሶ ደግሞ ይታረቀኛል። የአንተን ጤና ግን ከደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። አራት ገጽ ሙሉ የጻፍከው በእኔ ንድፍ ስለ ሠራኸው ሬዲዮ ጉርምርምታ ነው፤ ስለ ራስህ «ደህና ነኝ» ብለህ አልፈሃል።

ደብዳቤ አመላላሹ ሻዩን፣ በቅሎው ገብሷን እስኪጨርሱ አንድ ሰዓት ነው ያለኝ። መንገዱ ከተናደ ወዲህ እዚህ ተራራ ላይ የሚወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም በአሥራ አንድ ቀን አንዴ። ስለዚህ ሳላሳምር ብጽፍልህ አትቀየመኝ።

የለም፣ ትራንስፎርመሩን አትቀይረው። ማን ነው እሱን ያማው? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። መጀመሪያ ቮልዩሙን ጨርሰህ ዝጋው። ጉርምርምታው አብሮ ከጠፋ በሽታው ከፊት፣ ከማዳመጫው መግቢያ በኩል ነው። ቮልዩሙ ተዘግቶም «ኡምምም» ማለቱን ካልተወ ከኋላ፣ ከኃይል ማቅረቢያው ነው። ቀጥሎ የመኪና ባትሪ ተውሰህ በእሱ ሞክረው። ባትሪው ለማሰራጫው አይበቃም፤ የመስሚያውን ክፍል ግን ያስነሳዋል። ከግድግዳው መብራት ስትለየው ዝም ካለ፣ መብራቱን የምታጠራቅመውን ያቺን ወፍራሟን ካፓሲተር ቀይራት። መለዋወጫዋን ከንድፉ ጋር በላኩልህ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልያታለሁ። ከመንካትህ በፊት ገመዱን ንቀልና ጥቂት ጠብቅ፤ ተነቅላም ትናከሳለች።

ደግሞ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ንካ! ሦስት ነገር በአንዴ ከቀየርክ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ የጠገንኩት በዚህ ነው። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ፤ የአንተም ሬዲዮ ከእኔ አያመልጥም።

የሬዲዮ ፈቃድ ፈተናውን በማለፍህ ኮርቻለሁ። ግን «ከመጋቢት በፊት የግድ መሥራት አለበት» ያልከው ምን ለማለት ነው? ለዓመታት «ጊዜ የለኝም» ስትለኝ ኖረህ አሁን ምን አስቸኮለህ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እህትህ

ጥር 17

እትዬ፣

እንዳልሽው አድርጌ እንዳልሽው ሆነ። ቮልዩሙን ዘጋሁት፤ ጉርምርምታው ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቴ ባለታክሲው ባትሪውን ነቅሎ አመጣልኝና ስንሞክረው ጉርምርምታው ጭጭ አለ። ካፓሲተሯንም ቀየርኳት። ጥቂት ጠብቅ ብለሽኝ ነበር፤ እኔ የጠበቅሁት ግን ጥቂትም አይባልም መሰለኝ፣ ጣቴን ነክሳኛለች። ሚስቴ «አንተን መርፌ እንጂ መብራት ይወጋሃል ብዬ አስቤ አላውቅም» ብላ ስቃብኛለች።

አሁን ስሰማ ጥሩ ነው። ስናገር ነው ችግሩ። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው የፊዚክስ መምህር በራሱ ሬዲዮ መስሚያ ሆኖ ሲያዳምጠኝ፣ «ድምፅህ ይመጣል፤ ግን ቀፎ ሙሉ ንብ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንድ ቃል አልለይም» አለኝ። ቀረብ ብዬ ስናገር ደግሞ ይጮሃል። ከአንቺ ደግሞ እኔን የሚለየኝ ሁለት መንገድ አይደለም።

ስለ መጋቢት ጠየቅሽኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ሚስቴንም እንዳትጽፍልሽ ያስማልኳት እኔ ነኝ፤ በእሷ አትፍረጂ። ዓመት ሙሉ ጉንፋን ነው ስል የነበረው መጎርነን ጉንፋን አይደለም። ሐኪሙ ጉሮሮዬ ውስጥ ያገኘውን ነገር ከነሥሩ ካላወጣው ነገሩ አይለቀኝም። ሲያወጣው ድምፄም አብሮ ይሄዳል። መብላት፣ መሥራት፣ መኖር እችላለሁ፤ መናገር ነው የሚቀረው። ቀኑን ቆርጦልኛል፣ ማክሰኞ መጋቢት 12።

አንቺ ዘንድ ስልክ አይደርስም። በመሥሪያ ቤትሽ ሞገድ የግል ወሬ ክልክል ነው። መንገዱ እንዲህ ሆኖ፣ ጉልበትሽም እንዲያ ሆኖ፣ የአየሩን ሁኔታ ለአውሮፕላኖቹ የሚያስተላልፍ ሌላ ሰው ሳይኖር ውረጂ አልልሽም፤ እንዳትወርጂም። የቀረኝ አንቺ ለራስሽ የሠራሽው ሬዲዮና ይሄ የእኔው ነው። ስድስት ዓመት ድምፅሽን አልሰማሁም፤ አንቺም የእኔን። ድምፄ ሳለ አንዴ ላናግርሽ እፈልጋለሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ወንድምሽ

ጥር 28

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። አመላላሹ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ጭስ ነው» አልኩት፤ ምድጃው ግን ገና አልተለኮሰም ነበር።

ተቆጥቻለሁ። ዓመት ሙሉ! በዓመት ውስጥ ስንት ደብዳቤ ጻፍክልኝ? ስለ ባለታክሲው ጥርስ ሕመም ሳይቀር ጽፈህልኛል። የእናታችን ልጅ ሆነህ በእኔ ላይ እንዲህ ትዘጋ? ቁጣዬን እዚህ ላይ ጨርሻለሁ። ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አልፈልግም፤ ገጽ ያባክናል።

አሁን ስማኝ። ይህ ሬዲዮ ይሠራል። ንድፉ የእኔ ነው፤ በዚያው ንድፍ የተሠራው ወንድሙ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ ሰባት ዓመት አገልግሎኛል። ስለዚህ ስህተቱ ንድፉ ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ነው። ሽቦ ደግሞ አይዋሽም፤ የተኛበትን ካየሁ በሽታውን እነግርሃለሁ። ክዳኑን ክፈትና የውስጡን ሥዕል ሣልልኝ። ንድፉን እንዳትገለብጥ፣ እሱን እኔ አውቀዋለሁ። እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ፣ በማን አጠገብ አልፎ፣ የት እንደሚደርስ እንዳለ ሣልልኝ። የሰው ልኬት ስትወስድ የምትጠነቀቀውን ያህል ተጠንቀቅ። የማይክሮፎኑ ሽቦ በተጠለፈ መዳብ የተሸፈነው መሆኑን፣ የኧርዙንም፣ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ፣ ስንት ቦታ ላይ እንዳሰርከው ጻፍልኝ።

የምትሰማው ሌላ ድምፅ ካለም ሰዓቱን መዝግብ። ድምፅህን ቆጥብ፤ ከደንበኛ ጋር አትከራከር፣ ጨርቅ በምታሰምርበት ኖራ እየጻፍክ አሳያቸው። ማልቀስ ካለብኝ ሬዲዮው ከሠራ በኋላ አለቅሳለሁ።

እህትህ

የካቲት 9

እትዬ፣

ሥዕሉ ከዚህ ጋር አለ፤ ለሸሚዝ ሞዴል በማወጣበት ወረቀት ላይ በልኩ ነው የሣልኩት። እንዳትጥዪው እለምንሻለሁ፤ የምኮራበት ሥራ ነው።

እንደምታዪው አንድም የተንጠለጠለ ሽቦ የለም። ሁሉንም ሰብስቤ እንደ ሹሩባ ጎንጉኜ፣ ሰም በቀባሁት ክር በየሁለት ጣቱ ሰፍቼዋለሁ። የማይክሮፎኑ ሽቦ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ እንዳይጎዳ መሐል ላይ ደብቄዋለሁ፤ የተሸፈነው ነው፣ አዎ። ዙሪያውን የከበቡት የትራንስፎርመሩ ሽቦዎችና ወደ አንቴናው የሚወጣው ነው። ኧርዙን ደግሞ ለጥንካሬ በአራቱም ማዕዘን አስሬዋለሁ፤ ማዕዘኖቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውም ሽቦ ዙሪያውን እንደ ጠርዝ ስፌት ይዞራል። መምህሩ ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ፣ «ይሄማ ሙዚየም የሚገባ ነው» አለ። ሚስቴም «እንደዚህ የጠራ ሥራ ለሠርግ ልብስ እንኳን አልሠራህም» ብላኛለች።

ሰዓት መዝግብ ያልሽኝ ጠቅሞኛል። በየቀኑ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠጠር እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ ይመጣና ምሳ ሰዓት ላይ ቀጥ ይላል። ማን ይሆን ብዬ ስንቱን ጎረቤት ጠረጠርኩ መሰለሽ! ለካስ ሚስቴ ናት፤ በጓዳው በኩል የምትሠራበት የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና። ፔዳሉን ስትረግጥ ይፈጫል፣ ስትለቅ ይተወዋል። «በገዛ ቤቴ ሌባ አደረግከኝ» ብላ ከት ብላ ሳቀች፤ እሑድ እሑድ መኪናዋን ልትዘጋልኝ ተስማምተናል።

ድምፄ ጠዋት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ የተቀደደ ጨርቅ ነው የሚመስለው። ቤት ውስጥ ስናገር ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ሌላ ቦታ ያደርጋሉ፣ ሚስቴም ጭምር። በኖራ ስጽፍላቸው ደግሞ ጮክ ብለው ይመልሱልኛል፤ የደነቆርኩ መስሏቸው ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 20

ወንድሜ፣

ተርትረው!

ሥዕሉን ገና እንደዘረጋሁት ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ አመላላሹ ደንግጦ ሻዩን ደፋ። በዕድሜዬ የተዝረከረከ ሽቦ፣ የተቃጠለ ሽቦ፣ አይጥ የበላው ሽቦ አይቻለሁ። በማማሩ የታመመ ሬዲዮ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ስህተት ከልብስ ሰፊ በቀር ማንም ሊሠራው አይችልም።

የማይክሮፎኑ ሽቦ የሚይዘው ጉልበት ከሹክሹክታ ያነሰ ነው። አንተ እሱን ወስደህ ከጉልበተኞቹ መሐል አስተኛኸው፤ የትራንስፎርመሩ ሽቦ ያጉረመርምበታል፣ የአንቴናው ሽቦ ደግሞ የወጣውን ድምፅ መልሶ ጆሮው ውስጥ ይጮህበታል። ቀረብ ብለህ ስትናገር የሚጮኸው ለዚህ ነው። ሽፋኑም ብቻውን ይህን ሁሉ አይችልም። ስለዚህ ክሩን በሙሉ ተርትር። የማይክሮፎኑን ሽቦ በአጭሩ ቁረጠውና በቀኝ ጠርዝ ብቻውን ውሰደው። የትራንስፎርመሩን ጥንድ በግራ፣ የአንቴናውን በጀርባ አውጣ። መተላለፍ ካለባቸው አንዱ ሌላውን ቀጥ ብሎ ይሻገረው፤ ጎን ለጎን እንዳይሄዱ። ኧርዙን ከአራቱ ማዕዘን ሦስቱን ፍታ፣ አንድ ቦታ ብቻ ይበቃል፤ ዙሪያውን የሚዞረውንም ሽቦ አውጣው፣ እንዲህ ሲዞር ራሱ ጉርምርምታ ይሰበስባል። አስቀያሚ ይሆናል፣ እያየኸውም ያሳክክሃል። እንዳትነካው!

ቀኑን ቆጥሬዋለሁ። የአንተ መልስ ከመጋቢት 12 በፊት እኔ ዘንድ አይደርስም፤ ስለዚህ መልስ አልጠብቅም። የካቲት 26፣ መጋቢት 3 እና መጋቢት 10፣ ሦስቱንም እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በንድፉ ጥግ በቀይ ባሰመርኩበት ሞገድ ላይ እቀመጣለሁ። እጠራሃለሁ። ሰማሁህም አልሰማሁህም ለአንድ ሰዓት አልነሣም። እመነኝ፣ እንነጋገራለን።

እህትህ

መጋቢት 4

እትዬ፣

ይህ ሲደርስሽ ከሐኪሙ እጅ ወጥቻለሁ። ቢሆንም ልጻፍ፤ የሆነውን ሳትሰሚ መቅረት የለብሽም።

ደብዳቤሽ የካቲት 27 ደረሰኝ፤ የመጀመሪያው እሑድ እንዲሁ አለፈ። በማግስቱ ቁጭ ብዬ ተረተርኩት። ከልቤ ነው የምነግርሽ፣ ክሩን ስበጥስ አሞኛል። አሁን የሳጥኑ ውስጥ አውሎ ነፋስ የገባበት ሱቅ ይመስላል። መምህሩ ግን መስሚያው ላይ ሆኖ አዳመጠኝና ሁለቱን መንገድ እየሮጠ ተሻግሮ መጣ፤ «ንቦቹ ሄደዋል! ስትተነፍስ እንኳን ሰማሁህ» አለኝ።

ትናንት ታዲያ አራት ሰዓት ላይ ሰማሁሽ። ድምፅሽን! ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ «እሷ ናት? እሷ ናት?» ትለኛለች። መለስኩልሽ። አንቺ ግን «አልሰማህም፤ እዚህ ነኝ፤ ቀጥል» እያልሽ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኬ ድምፄ እስከ ማታ ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት ለብቻዬ ተቀምጬ አሰብኩ። ለመምህሩ ይሰማል፣ ለአንቺ አይሰማም፤ ታዲያ ሬዲዮው ይናገራል ማለት ነው፣ ከቤት የማይወጣው ነው ድምፁ። ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የአንቴናውን ሽቦ ወደ ሬዲዮው ከሚወርደው ሽቦ ጋር በስታኞ አልበየድኩትም ነበር፤ እንደ ልማዴ ቋጥሬዋለሁ። ቋጠሮው ጠንካራ ነው፣ ሰው ይሸከማል። ግን ያ ሽቦ መብራት የማያሳልፍ ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ ሳልፍቀው ቫርኒሽ ከቫርኒሽ ጋር አስሬ ኖሯል። በምላጭ ፍቄ፣ አጥርቼ በየድኩት። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ስለዚህ ጉራዬን ቻይው።

አንድ እሑድ ቀርቶናል። እስከዚያ አንድ ቃል አልተነፍስም።

ወንድምሽ

መጋቢት 11

ወንድሜ፣

አመላላሹ እስኪመጣ ገና ነው፤ ዛሬ ካልጻፍኩ ግን አልችልም። ነገ ሐኪሙ ዘንድ ትገባለህ፤ ይህ ደብዳቤ ደግሞ ከነገ በኋላ ነው የሚያገኝህ።

ትናንት ምን አደረግኩ? ድምፅህ እንደ ደረሰኝ ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁ። ጎርናናም ብትሆን አንተው ነህ። ጉርምርምታ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ንጹሕ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት የኖረብኝ ልማድ ያዘኝ። «ከአንድ እስከ አሥር ቁጠርልኝ» አልኩህ። ቆጠርክ። «ከማይክሮፎኑ ትንሽ ራቅ በል፣ ድገመው» አልኩህ። ደገምከው። «ቁልፉን ወደ ግራ፣ አሁን ወደ ቀኝ፣ አሁንስ?» አንተም «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» ትላለህ። ከዚያ የኧርዙን ነገር አስረዳሁህ። ሰዓቴን ሳይ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። «አሁን ንገረኝ» ስልህ ሞገዱ ከዳን፤ ድምፅህ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እስከ ስድስት ሰዓት ጠራሁህ።

የቀረህን ጥቂት ድምፅ ቁጥር በማስቆጠር የፈጀች እህት አለችህ። ምን ልትነግረኝ እንደነበር አላውቅም። ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ይቅርታ አድርግልኝ፤ በዚህ ጊዜ ገጽ ቢባክንም ግድ የለኝም።

እህትህ

መጋቢት 29

እትዬ፣

ተርፌአለሁ። ሐኪሙ «ከነሥሩ ወጥቷል» ብሎኛል። አንገቴ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ለእሷ የሚሆን ለስላሳ አንገትጌ ሰፍቼላታለሁ፣ ሌሎች ሕመምተኞችም አይተው አዝዘውኛል። ስነቃ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ሬዲዮውን ማንም እንዳይነካብኝ» የሚል ነው። ሚስቴ አንብባ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። እንዲህ ነው ነገሩ። የምነግርሽን በሞዴል ወረቀት ላይ ጽፌ ፊት ለፊቴ ሰክቼው ነበር። ማይክሮፎኑን ስይዝ ግን አፌ ተያዘ። ምን ብዬ ልጀምር? ከዚያ አንቺ «ቁጠር» አልሽኝ። እትዬ፣ ስንት ወር ሙሉ ስናገር የሰው ዓይን ሲሸሸኝ ኖሬ፣ አንቺ ብቻ ድምፄን እንደ ጤነኛ ሰው ድምፅ «ድገመው፣ ራቅ በል፣ ጥሩ ነው» አልሽው። ስቆጥር ደስ ብሎኝ ነበር። ምንም አልሰረቅሽኝም፤ ይሄን ነገር ከሆድሽ አውጪው።

ወረቀቱ ግን አሁንም አለ። መምህሩ የቴሌግራፉን ነጥብና ሰረዝ፣ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ መምታት፣ እያስተማረኝ ነው። ከአሮጌው ስፌት መኪና ላይ በነቀልኳት ብረት የቴሌግራፍ መምቻ ሠርቻለሁ። በጣም ቀርፋፋ ነኝ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እሑድ ሚያዝያ 15፣ አራት ሰዓት ላይ በዚያው ሞገድ ጠብቂኝ። ጣልቃ እንዳትገቢ። ስጨርስ ራሴ እነግርሻለሁ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 16

ወንድሜ፣

አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ መጣህ። ሌላ ሰው ቢሆን የጀማሪ እጅ ነው ብሎ ያልፈው ነበር፤ አንድ ፊደል ትመታለህ፣ ቆም ብለህ ታያታለህ፣ ካላማረችህ ሰርዘህ እንደገና ትመታታለህ። ሦስት ጊዜ ላርምህ እጄ ወደ መምቻው ሄደ። በመጨረሻ ቀኝ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። አርባ ደቂቃ ቃል አልወጣኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከተወለድኩ ሠርቼ አላውቅም። እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሽብኝ በግራ እጄ ራቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ አሁን አጠገቤ ነው፣ ከአንዲት ፊደል በቀር ሁሉም ተነብቧል።

ከዚያ ጨርሰህ «ተሰማሽ?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

በነጥብና ሰረዝ እንጀራ ስበላ ሠላሳ ዓመቴ ነው። በነፋስ፣ በበረዶ፣ መብረቅ ጣሪያውን እየመታ መልእክት አስተላልፌያለሁ። ትናንት ግን «አዎ» የምትለዋን ሁለት ፊደል ሦስት ጊዜ አበላሸኋት። አራተኛ ስሞክር ሞገዱ ሄደ። አንተ መልሴን ሳትሰማ እዚያ እንደ ተቀመጥክ አውቃለሁ። ስለዚህ አመላላሹን ደጅ ላይ አስቁሜ በእጄ እጽፍልሃለሁ።

አዎ።

እህትህ